የአዳዳ ደብሪቱ ዲስኬት

አምቦ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኢፋ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ባለህበት አገር ይብዛልህ። አካም ጅርታ? ነጋ ኬቲ? እኛ ከደረሰብን ሐዘን በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ስሙ ይመስገን።

የእናትህን ዕረፍት በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ እንደነገሩህ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዕር እያነሣሁ መልሼ ሳስቀምጥ ሳምንታት አለፉ። ለአንተ ሀርሜ ናት፣ ለእኔ አዳዳ፤ የአባቴ እህት ትሁን እንጂ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ አጽናኝ ልሆንህ አልችልም፤ አብረን እናልቅስ እንጂ።

ቀብሯ ያማረ ነበር። ከጌዶ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ፤ ከጊንጪም ከእንጭኒም የቀረ ዘመድ የለም። ታናናሾችህ፣ እህትህ ልዩ፣ ሞሲሳና ኦሊቃ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ኢዶሳ የሕይወት ታሪኳን አነበቡ።

የሕይወት ታሪኳን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከማረፏ አንድ ሳምንት በፊት «ልጆቼ ከሰሙ ያለቅሱብኛል» ብላ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣችና እኔን ብቻ አስቀርታ «ጻፊ» አለችኝ። እሷ በኦሮምኛ ነገረችኝ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ የሙያው ሰው ነህና ይገባሃል። አንተ በላክህልን ማኪንቶሽ ላይ ባለ አራት ገጽ ወረቀት ከባዶ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል። ስለዚህ የማተሚያ ቤታችን ደንብ እንዲህ ነው፤ ቀድሞ የሞተውን ሰው ፋይል እንከፍታለን፣ ፎቶውን አውጥተን የአዲሱን እናስገባለን፣ ስሙን እንቀይራለን፣ ጽሑፉን በድሮው ቦታ ላይ እናፈሳለን። ለአዳዳ የከፈትኩት የአዴ ፋንቱን ነበር፤ የጉደሯን ወይዘሮ። መብራት ጠፍቶ አድሮ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። ሦስት መቶውን ቅጂ ቀለሙ ሳይደርቅ አጥፈን ይዘን ሮጥን።

አንድ ቅጂ ላስቀምጥልህ አስቤ ነበር፤ ሕዝቡ ተሻምቶ ወሰደው።

ሌላ የማስቸግርህ፣ የአማርኛውን ፊደል ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጭነው ቁልፍ ዲስኬት የሚሠራው ለተቆጠረ ጊዜ ነው፤ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቶታል። እሱ ካለቀ እኛም አለቅን። እዚያ የሚገኝ ከሆነ አደራ።

እህትህ ኤቢሴ


ሃኖቨር፣ ሰኔ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤቢሴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጌታ ያጽናሽ፤ ያንቺም እናት ነበረች። እኔ ደህና ነኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ ማለት እዚህ አገር ሁለተኛው ሥራዬ ነው።

አሁን የምጠይቅሽን በቀጥታ መልሺልኝ። ባለፈው ሳምንት አሻግሬ ለሥልጠና መጥቶ ነበር፤ የጤና ጣቢያው አሻግሬ። ቀብሩ ላይ ነበረ። ሲያጽናናኝ ቆይቶ፣ ሳያስበው አምልጦት መሰለኝ፣ ኦቦ ኢዶሳ «የሦስት ልጆች እናት ነበረች» ብለው እንዳነበቡ ነገረኝ። ተሳስተህ ነው አልኩት። አልተሳሳትኩም፣ ወረቀቱም ላይ ከፎቶዋ ሥር በትልቁ ተጽፎ አይቻለሁ አለኝ። እኛ አራት ነን። ልዩን፣ ሞሲሳንና ኦሊቃን ስትቆጥሪ ሦስት ይሞላል። የጎደልኩት እኔ ነኝ።

ታስታውሽ እንደሆነ፣ ለሁለት ዓመት ትምህርት ብዬ ወጥቼ አራተኛው ዓመት ሲገባ ሀርሜ ድምፅዋን በካሴት ልካልኝ ነበር። «የማይመለስ ልጅ ከወለድኳቸው አይቆጠርም» ብላ ነው የዘጋችው። የእናት ቁጣ ነው፣ ያልፋል ብዬ ነበር። እነሆ አላለፈም መሰለኝ።

ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሞት አፋፍ ላይ ሳለች «ሦስት» ያለችሽ ራሷ ናት ወይ? ክፍሉ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አዎ ወይም አይደለም በይኝ። ከሰው እጅ ለምነሽም ቢሆን አንድ ቅጂ ላኪልኝ።

ቁልፍ ዲስኬቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

ወንድምሽ ኢፋ


አምቦ፣ መስከረም 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለኢፋ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ዘመኑ የጤና፣ የበረከት፣ የመገናኘት ይሁንልን።

ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ ብዬ አልዋሽህም። በወቅቱ ደርሶኛል፤ ከዓመት በላይ ያለ መልስ መቆየቴን ስቆጥረው ራሴንም ያሳፍረኛል። ሥራው ነው። የትምህርት ቤቱ ፈተና፣ የሰርጉ ካርድ፣ የገቢ ደረሰኙ፣ ሁሉም ለዛሬ ነው የሚሉት። አንዱ ሙሽራ በቀደም ካርዱ ላይ የሚስቱ ስም ተገልብጦ አገኘውና ሱቁን በጩኸት አናጋው። ገና ሳትገባ እንዲህ ከሆነች ከገባች በኋላ ምን ልትሆን ነው አልኩት፤ ሳቀና ከፍሎ ወጣ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ስለ ጠየቅከኝ ነገር፣ ሙት ወቃሽ አያድርገን። ሰው በሞት አፋፍ ላይ የሚለውን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። እናትህ ትወድህ ነበር፤ ይህን አትርሳ። ቅጂ ፈልጌ አጣሁ። ልዩ ዘንድ አንድ አለ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አላወጣም ብላለች። ፋይሉ ዲስኬት ላይ ይኖራል፤ ግን ማኪንቶሹ ታሞ ተኝቷል፤ የሚያክመው ሰው አዲስ አበባም አልተገኘ።

የቀለም ዱቄቱ እዚህ እሳት ሆኗል። በሚመጣ ሰው ሁለት ብልቃጥ ብትልክልን ትልቅ ነገር ነው።

ልዩ ሁልጊዜ ትጠይቅሃለች።

እህትህ ኤቢሴ


ሃኖቨር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለኤቢሴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

አዎ ወይም አይደለም በይኝ አልኩሽ። አንቺ ስለ ቀለም ዱቄት ጻፍሽልኝ። ልጅ ሳለሽ ጥፋት ስታጠፊ ወሬ ታበዢ ነበር፤ ዛሬም አልተውሽም። ክፉ ቃል ላለመናገር የምትዞሪብኝ መሆኑ ገብቶኛል። «ትወድህ ነበር» የሚባለው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ላልተቆጠረ ሰው ነው።

እንግዲህ አዎ ብለሽኛል ማለት ነው። ለፋሲካ መጥቼ መቃብሯን ላየው ነበር፤ ቲኬቱን መልሻለሁ። በሦስት መቶ ወረቀት ላይ ታትሞ ልጇ እንዳልሆንኩ በተነገረው ሕዝብ መሃል ገብቼ እግዚአብሔር ያጽናህ የሚለኝ ማን ነው? ልዩም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ሞሲሳና ኦሊቃም እንደዚያው። እነሱ ሰምተው ተቀብለዋል።

ካንቺ የምፈልገው ስትነግርሽ የጻፍሽበትን ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ ዲስኬቱን ላኪ። በእጅሽም ቢሆን የሀርሜን ቃል በዓይኔ ልየው።

የቀለም ዱቄቱን ልኬያለሁ።

ኢፋ


አምቦ፣ ግንቦት 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢፋ፤

የጌታችን ጸጋና ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። አራት ዓመት ከመንፈቅ ስለ ቆየው መልሴ ይቅርታ አድርግልኝ። አግብቻለሁ፤ አያንቱ የምትባል ልጅ ወልጃለሁ። ይህን እንኳ ሳልነግርህ።

ማተሚያ ቤቱ ተለውጧል። ሦስት አዳዲስ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር አስገብተናል፤ አዲሱ የአማርኛ ፊደልም ቁልፍ ዲስኬት አይጠይቅም። ማኪንቶሹን በጆንያ ሸፍነን ከጓሮ መጋዘን አስቀመጥነው፤ ዶሮ ትተኛበታለች። ድሮ በፔጅ ሜከር ፕሮግራም የሠራነውን ሥራ አንዱንም አዲሱ ማሽን አያነበውም። አዲስ አበባ ያሉትን ባለሙያዎች ብጠይቅ «ፔጅ ሜከር? እሱማ ሊቀር ነው፣ ሬሳ አታስነሺ» ብለው ሳቁብኝ። የስንቱን ሰው ሰርግ፣ የስንቱን ሰው ሞት የያዘ ሁለት ካርቶን ዲስኬት አለኝ፤ አሁን ከፕላስቲክ አይለይም። የጻፍኩበት ወረቀትም የለም፤ የሱቅ ውዳቂ ወረቀት ሁሉ ለባለ ሱቆች ስኳር መጠቅለያ እንደሚሸጥ ታውቃለህ። እና ወንድሜ፣ ነገሩ ራሱ ተዘግቷል። እኛም እንዝጋው። ሆድ ይፍጀው።

ሌላ ነገር ልለምንህ። ገንዘብ አይደለም፣ ዕቃም አይደለም። ልዩ ስኳር በሽታ ይዟት ከስታለች። አፍ አውጥታ አትልም እንጂ ከጀርመን ሰው መጣ በተባለ ቁጥር በር ላይ ትቆማለች። ና። መጥተህ ዓይኗን እየው፤ የቀረውን ጌታ ያስተካክለዋል።

እህትህ ኤቢሴ


ሃኖቨር፣ ነሐሴ 1 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለኤቢሴ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሉ ነበር ጎረቤቶቻችን፤ እኛ ጴንጤዎቹም እንኳን ጌታ ረዳሽ ብንል ያው ነው። ለአያንቱ ረጅም ዕድሜ።

ዛሬ የምሠራውን በዝርዝር ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። አሁን ማተሚያው ሁሉ ፒዲኤፍ ነው የሚቀበለው፤ አዳዲሶቹ ልጆች ከዚያ ውጭ አያውቁም። ደንበኛ ያረጀ ፋይል ይዞ ሲመጣ ግን ወደ እኔ ይልኩታል። የከሰረ ፋብሪካ ካታሎግ፣ የሞተ ፕሮፌሰር መጽሐፍ፣ አያት የሳለው ካርታ። አስታምሜ እከፍተዋለሁ። ስለዚህ «አይከፈትም» የሚለውን ለሌላ ሰው ንገሪ። ላኪው፣ ሌላ ነገር የለኝም።

ስለ ልዩ አዝኛለሁ። ግን እሷም በጆሮዋ ሰምታለች። ስህተት ነው ብላ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ትጽፍልኝ ነበር። ባልተቆጠርኩበት ቤት ብቀርም አልጎድልም።

ኢፋ


አምቦ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወንድሜ ኢፋ፤

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበለኝ። ልዩ ኩላሊቷ ደክሟል። አዲስ አበባ ወስደናት መልሰውልናል፤ ሐኪሙ ሞሲሳን ለብቻው ጠርቶ ነገረው። ከገና አታልፍም ይላሉ።

ትናንት ጸጉሯን ሳበጥርላት «አሁንም ተቆጥቷል?» አለችኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኳትም።

በእናትህ አጥንት እለምንሃለሁ፣ ና።

ኤቢሴ


ሃኖቨር፣ ኅዳር 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለኤቢሴ፤

በእናቴ አጥንት አትለምኚኝ። አጥንቷ እኔን አላወቀኝም።

ለመድኃኒቷ የሚሆን በባንክ ልኬያለሁ። ጸልዩላት። ሁለት ጊዜ ስልክ አንሥቼ ዘግቻለሁ፤ ይህን ለእሷ አትንገሪያት።

ኢፋ


አምቦ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢፋ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ልዩ የካቲት 7 ቀን አረፈች። ከገና አታልፍም ያሏትን ሐኪሞች በአንድ ወር አሳፍራቸው ሄደች። ከእናቷ ጎን ነው ያሳረፍናት። የሕይወት ታሪኳንም እኔው ሠራሁት፤ ከዚህ በኋላ ግን የሟች ሥራ አልቀበልም ብያለሁ።

ከደብዳቤው ጋር በካርቶን ተጠቅልሎ የምታገኘው ዲስኬት የአዳዳ ነው። ማተሚያ ቤት ካሉት ሁለት ካርቶኖች ውስጥ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ፣ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር ነበር። ላዩ ላይ «አይነካ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በአፌ ልነግርህ ስንት ዓመት ሞከርኩ። በብዕርም ሞከርኩ፤ ቀድጄ የጣልኩት ደብዳቤ ከደረሰህ ይበዛል። ልናገረው ስላልቻልኩ አንተ ክፈተው። የምትለኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

ኤቢሴ


ሃኖቨር፣ ጥር 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ኤቢሴ፤

ከፈትኩት።

ዲስኬቱ ሻግቶ ነበር፤ ጠርጌ ጠርጌ፣ እምቢ እምቢ ብሎ ተነበበ። መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የተጣለ ማኪንቶሽ ነበር፣ ፔጅ ሜከሩም ውስጡ አለ። ገጾቹ ተከፈቱ። ፊደሉ ግን የለም። ያ እኔው የላክሁልሽ የአማርኛ ፊደል በእንግሊዝኛ ሆሄያት ላይ የተጫነ ስለነበር፣ እሱ ሲጠፋ የሚታየው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ሆሄና ነጥብ ነው። የሀርሜ ስም የት እንዳለ አውቅ ነበርና ከስሟ ጀመርኩ። ይህ ምልክት ደ ነው፣ ያ ብ ነው፣ ይኼ ሪ ነው። ቀጥሎ አምቦ የሚለውን አገኘሁ፣ ቀጥሎ እግዚአብሔር የሚለውን። ሠንጠረዥ ሠርቼ አንድ አንዱን ሆሄ በእጄ ፈታሁ። አሥራ አንድ ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ከፎቶዋ ሥር «የሦስት ልጆች እናት» ይላል። አሻግሬ አልዋሸም።

አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ግን ትንሿ ቀይ ምልክት ነበረች። እኔም አንቺም እናውቃታለን፤ ጽሑፍ ተርፏል፣ ቦታ አልበቃውም ማለት ነው። በአዴ ፋንቱ ቦታ ላይ ነበር ያፈሰስሽው፤ የእሷ ታሪክ አጭር ነበር፣ የእናቴ ረዘመ። ምልክቷን ይዤ ወደ ታች ስስብ ያልታተመ አንድ አንቀጽ ወረደ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን እኔም ልጻፍልሽ፤

«ልጆቼ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ኢፋ ነው፣ ባሕር ማዶ ነው። በካሴት ያልኩትን የተናገርኩት በናፍቆት ነው፣ አይያዝብኝ። ሲመጣ ከመኪና እንደወረደ ወደ መቃብሬ አትውሰዱት፣ መጀመሪያ እህል አቅምሱት። ልዩ፣ አደራሽን፣ ወንድምሽን ሌላ ሰው ቤት እንዳታሳድሪው።»

ሦስቱ የአዴ ፋንቱ ልጆች ናቸው። ከእሷ ወረቀት የቀረ መስመር ነው፤ ሳትቀይሪው ታተመ። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ቸኩለሽ ነበር፣ ሬሳ አይጠብቅም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ያንን እንደ ሙያ ሰው ይቅር ብዬሻለሁ፤ እኔም ስንት ስህተት አትሜያለሁ። አንቺ ግን አፍስሰሽ አልለቀምሽም። አዎ ወይም አይደለም በይኝ ብዬሽ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። በአንዲት ቃል ተሳፍሬ እመጣ ነበር፣ ልዩ ደጃፍ ላይ ቆማ ታገኘኝ ነበር። ስለ ቀለም ዱቄት ጻፍሽልኝ!

ፋይሎች ሲያረጁ ዓለም እንዲረሳቸው ነው የጠበቅሽው። እኔ እዚህ የሰው ፋይል ከሞት ሳስነሣ፣ አንቺ እዚያ የእኔ እስኪሞት ትጠብቂ ነበር።

ሁለት ነገር አዝሻለሁ። አንደኛ፣ ያ ወረቀት በተነበበለት ሕዝብ ፊት ቆመሽ ይህን አንቀጽ አንብቢ፤ ሞሲሳና ኦሊቃ ባሉበት። ሁለተኛ፣ በልዩ የሕይወት ታሪክ ላይ ስንት ወንድምና እህት ብለሽ እንደጻፍሽ ንገሪኝ። በዚህ እንኳ አትዙሪብኝ።

ኢፋ


አምቦ፣ መጋቢት 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለኢፋ፤

ወንድሜ ብዬ ለመጀመር አፍሬ ነው።

ያዘዝከኝን አድርጌያለሁ። ባለፈው እሑድ ከስብከቱ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ቆምኩ። ኦቦ ኢዶሳ ሞተዋል፤ ያን ቀን ከነበሩት የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንቀጹን በአማርኛም፣ እሷ እንደነገረችኝ በኦሮምኛም አነበብኩት። ስጨርስ «ሦስት» ከአዴ ፋንቱ ወረቀት የቀረ መስመር ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አልኩ። ሞሲሳ «እኛ ወንድማችንን የጣልነው በአዴ ፋንቱ ልጆች ቁጥር ነው?» ብሎ ጮኸና ወጣ። ኦሊቃ ተቀምጦ ቀረ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም በማተሚያ ቤቱ በር አያልፉም።

ሆን ብዬ አይደለም ብል ታምነኛለህ? ሲነበብ በለቅሶው መሃል አልሰማሁትም፤ ያወቅኩት ከቀብሩ በኋላ በማግስቱ፣ ሌላ ሰው ሞቶ ፋይሉን ስከፍት ነው። ቀይዋን ምልክት አየሁ፣ ሳብኳት፣ አነበብኩ። በሟች ላይ የሚሳሳት ማተሚያ ቤት ማን ይመጣለታል ብዬ ፈራሁ። ለሳምንት ደበቅኩት፤ ከዚያ ለዓመት፤ ከዚያ የደበቅኩበትን ዓመት መናገር ከስህተቱ ባሰኝ። ማሽኑ ሲበላሽ ደስ አለኝ። ፊደሉ ሲቀየር ደስ አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ሁለተኛውን ልመልስልህ፣ አልዞርብህም።

ልዩ ታሪኳን ራሷ ነገረችኝ፤ እንደ እናቷ ክፍሉ ውስጥ እኔን ብቻ አስቀርታ። እህትና ወንድሞች የሚለው ላይ ስንደርስ «ከእናቴ የተወለድነው ሦስት ነን» አለችኝ። «አራት አይደላችሁም ወይ?» አልኳት። «እናቴ ሦስት ብላ ነው የሞተችው። እኔ ግን ይመለሳል ብዬ አሥር ዓመት አራት እያልኩ ቆየሁለት። እኔ ስሞት እንኳ ካልመጣ እናቴ ልክ ነበረች። ሦስት በይ» አለችኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ኦሊቃ ሾርባ ይዞ ገባና ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

የልዩን ወረቀት በማንም ሟች ፋይል ላይ አልሠራሁትም። ከባዶ ገጽ ነው የጀመርኩት። ሳይታተም ቃል በቃል ከጻፍኩት ጋር አስተያየሁ፤ የተረፈ ጽሑፍ የለም፣ የተዘለለም የለም። እንደ ነገረችኝ ነው የታተመው።

ሦስት ይላል። አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ኤቢሴ